ጓርኒሲዮኑን ተዉት፣ ብሎኑን እዩ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጋዜጣችሁን የማነበው ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቡና እስኪፈላ በስልኬ አገላብጠዋለሁ፤ ፖለቲካውን ዘልዬ መጀመሪያ የምሄደው ወደ መኪናው ዓምድ ነው። ባለፈው ሰሞን እዚያ ዓምድ ላይ አንድ ምክር አየሁና ቡናው ገነፈለብኝ። ሄደር አስገጥሞ ጭስ የሚያመልጥበት ሰው ወፍራም ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መሀል ገብቶ ክፍተት የሚደፍነውን ስስ ሉክ) ይግዛ፣ በላዩም ሲሊኮን ይቀባበት ይላል። በቃ፣ አለቀ።

አላለቀም። የጻፈው ወንድማችን ለክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህንኑ ምክር ሰምቼ፣ አምኜ፣ ገንዘቤን ከስክሻለሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ጓርኒሲዮን ቀይሬያለሁ። አንዴም ቢሆን ጥፋቱ የጓርኒሲዮኑ አልነበረም። ስለዚህ ይቺን ደብዳቤ አትሙልኝ፤ ከተቻለ ሳታሳጥሩ።

መኪናዬ የ2002 ሸቭሮሌት ካማሮ ኤስኤስ ናት። ሞተሯ ኤልኤስ ዋን የሚባለው ባለ 5.7 ሊትር ቪ8 ነው። ባለቤቴ ስሟ ሲነሳ መስማት አትፈልግም፤ ልጆቼ ግን ይወዷታል። ገዝቼ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ሄደር ገጠምኩላት።

ሄደር ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ጭሱ ከሞተሩ ሲወጣ መጀመሪያ የሚገባው ከፋብሪካ ወደመጣው ከባድ ማኒፎልድ ነው። ሄደር እሱን አስወጥቶ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱን ረጅም ቱቦ ይሰጠዋል፤ ቱቦዎቹ ወደ ታች ወርደው አንድ ላይ ይገናኛሉ። ጭሱ ሳይጨናነቅ ይወጣል፣ ሞተሩ ጉልበት ያገኛል። ቱቦዎቹ የተበየዱበት ጠፍጣፋ ብረት ፍላንጅ ይባላል። ፍላንጁ ከቴስታታው፣ ማለትም ከሞተሩ ራስ ጋር በብሎን ይታሰራል፣ በመሀላቸው ጓርኒሲዮን ይገባል። የእኛ ጣጣ ሁሉ ያለው እዚያች ሁለት ሚሊሜትር በማትሞላ ቦታ ላይ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው። ብርድ በሆነ ጠዋት ሳስነሳት በሹፌሩ በኩል ቲክ ቲክ ቲክ። ነዳጅ ስረግጥ ቲክቲኩ ይፈጥናል። አስር ደቂቃ ከነዳሁ በኋላ ጭጭ ይላል። ብረቱ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ክፍተቷን ይደፍናታል፤ ሲበርድ ደግሞ ትከፈታለች። ብዙ ሰው «ሲሞቅ ይጠፋል፣ ችግር የለውም» ብሎ የሚተወው ለዚህ ነው። እኔም ተውኩት። ጭሱ ግን በዚያች ቀዳዳ በወጣ ቁጥር የጓርኒሲዮኑን ጠርዝ እየበላ፣ እያሰፋ ይሄዳል። ሁለት ወር ሳይሞላ ሲሞቅም አልጠፋ አለ።

ከዚያ የቼክ ኢንጅን መብራት መጣ። ኮዱ ፒ0171፤ ሞተሩ ነዳጅ አንሶታል፣ አየር በዝቶበታል ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያጠፋል። ጭሱ የሚወጣው በምት በምት ነው። በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ቱቦው ውስጥ ግፊቱ ይወርድና ያቺው ቀዳዳ የውጭ አየር ወደ ውስጥ ትስባለች። ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው የኦክስጅን ሴንሰር ያንን አየር ያያል፤ «ነዳጅ አንሷል» ብሎ ለኮምፒውተሩ ይናገራል። ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ፣ አምኖ ነዳጅ ይጨምራል። ሞተሩ ግን ምንም አላነሰውም ነበር። ቤንዚን በከንቱ ይበላል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። እኔም ሴንሰሩ ነው የተበላሸው ብዬ አዲስ ገዛሁ። አዲሱም እንደ አሮጌው ያንኑ ተናገረ፤ እውነቱን ነበርና።

የመጀመሪያውን ጓርኒሲዮን ስቀይር ልክ ዓምዳችሁ እንዳለው አደረግኩ። ወፍራሙን ገዛሁ፣ በሁለቱም ፊት ቀዩን ሲሊኮን ቀባሁ። ስድስት ሳምንት ቆየ። ያ ሲሊኮን ጥሩ የሚባለው እንኳ የሚችለው 350 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ከሲሊንደሩ የሚወጣው ጭስ ደግሞ መኪናዋ ስትጨነቅ ከ700 ዲግሪ በላይ ይሆናል። ጭሱ የሚነካው ጠርዝ ላይ ያለው ሲሊኮን ይቃጠልና ዱቄት ሆኖ ይሄዳል፤ የነበረበት ቦታ ባዶ ይቀራል። ያ ባዶ ቦታ የሚቀጥለው ቀዳዳ ነው። ለሴንሰር አይጎዳም ተብሎ የተሠራ ካልሆነ ደግሞ ከሲሊኮኑ የሚወጣው ትነት የኦክስጅን ሴንሰሩንም ይመርዘዋል።

ለሁለተኛ ጊዜ ሳወርደው አጎቴ ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አጎቴ ጋራዥ እላላክ ነበር። አጎቴ ጓርኒሲዮን ከሱቅ አይገዛም። የአስቤስቶሱን ሉክ ፊቱ ላይ ዘርግቶ በትንሽ መዶሻ ጠርዝ ጠርዙን ኳ ኳ ያደርገዋል፤ የብረቱ ጠርዝ ራሱ ሉኩን ይቆርጠዋል። በአምስት ደቂቃ ልክክ ያለ ጓርኒሲዮን። (ያን አቧራ ስንት ጊዜ እንደተነፈስነው ሳስብ ይዘገንነኛል። የድሮ ጓርኒሲዮን የምትፍቁ ልጆች እባካችሁ በደረቁ አትፋቁ፣ አርጥቡት።) ያ ሁሉ ጥበብ ግን የሚመጣው ሌላ ሥራ ካለቀ በኋላ ነበር። መጀመሪያ ፍላንጁን መስታወት ላይ ያስቀምጠዋል። ወፍራም፣ የመስኮት መስታወት ስባሪ። በአንድ ጣቱ ጥጉን ጫን ያደርገዋል። ቀጭ ካለ፣ ከወዘወዘ፣ ሞረዱን አምጣ ይለኛል።

እኔ አሜሪካ ተቀምጬ፣ ሙሉ የመሣሪያ ሣጥን ይዤ፣ ይህን አንድ ጊዜ አላደረግኩም። ከቴሌቪዥን ጠረጴዛችን ላይ መስታወቱን አነሳሁ (ባለቤቴ አልነበረችም)፣ ፍላንጁን ጣል አደረግኩበት። እንደ ሚዛን ተወዛወዘ። ከፍ ካለው ጫፍ ሥር ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካ ስስ ብረት) ከተትኩ፤ 0.4 ሚሊሜትር ዘው አለ። አዲስ ዕቃ ነው እኮ! ምክንያቱ ብየዳው ነው። ቱቦዎቹ ፍላንጁ ላይ ሲበየዱ ሙቀቱ ብረቱን ይስበዋል፣ ያጎብጠዋል። ጥሩ ሠሪ ከብየዳ በኋላ ፊቱን በማሽን ያስተካክለዋል፤ ለርካሽ ዕቃ ግን ማን ጊዜ አለው። የእኔው በመካከለኛ ዋጋ የገዛሁት ነው፤ የማንንም ስም አላነሳም፤ ሳላይ የገጠምኩት እኔ ነኝ።

ማሽን ቤት ወስጄ አስላግኩት። አንድ ሰዓት አልፈጀም። ትንሽ ከሆነ ደግሞ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ የብርጭቆ ወረቀት ለጥፎ በእጅ ማሸት ይቻላል፤ ክንድ ይፈልጋል እንጂ ይሠራል። ወፍራም ጓርኒሲዮን ይህን ጉብጠት ይሞላል የሚለው ሐሳብ ለትንሽ ጊዜ እውነት ነው። ወፍራሙ የሚሠራበት ግራፋይት ለስላሳ ስለሆነ መጀመሪያ ይሞላዋል። ግን ጥብቅ ያልተያዘበት ቦታ ላይ ጭሱ ቆይቶ ይቦረቡረዋል። ከቀጫጭን የብረት ሉኮች የተደራረበው ዓይነት ደግሞ፣ ከፋብሪካው ኤልኤስ ዋን ላይ የሚመጣው እሱ ነው፣ ከሁሉም የሚቆይ ነው፤ ግን ጉብጠት ጨርሶ አይወድም። ፊቱ ቀጥ ያለና ንጹሕ ካልሆነ አትድከሙ።

እና አስላግኩ፣ አጸዳሁ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን አደረግኩ፣ ገጠምኩ። ሦስት ወር። ቲክ ቲክ ቲክ።

እውነት ለመናገር ያን ቀን መኪናዋን ልሸጣት ነበር። አንድ ሜትር የጎማ ቱቦ ወስጄ አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ፣ ሌላውን በፍላንጁ ዙሪያ አዞርኩ። ሰባተኛው ሲሊንደር፣ የመጨረሻው፣ ከንፋስ መከላከያው መስታወት ሥር የተደበቀው። ካማሮ ያለው ሰው ያውቀዋል፤ እዚያ ቦታ እጅ አይገባም፣ ከገባም ያለ ደም አይወጣም። ብሎኑን በመፍቻ ሞከርኩት። ጥብቅ ነው። ግን ፍላንጁን በብረት ዘንግ ፈቀቅ ሳደርገው እንቅስቃሴ አለው። ብሎኑ ጠብቆ ፍላንጁ እንዴት ይላላል?

ብሎኑን አወጣሁትና ለካሁት። 35 ሚሊሜትር። የፋብሪካዎቹ ዝገው ስለነበር ከዕቃ ቤት የገዛኋቸው ናቸው፤ ውፍረታቸው 8 ሚሊሜትር፣ ጥርሳቸው ልክ፣ ርዝመታቸውን ግን ማን አየው። ፍላንጁ 9 ሚሊሜትር ተኩል፣ ጓርኒሲዮኑ አንድ ተኩል፤ ድምሩ 11። ስለዚህ ብሎኑ ቴስታታው ውስጥ የሚገባው 24 ሚሊሜትር ነው። ቀዳዳው ውስጥ ቀጭን ሽቦ ከትቼ በጥፍሬ ምልክት ይዤ ሳወጣው 22 ብቻ። ሥሩ ላይ የድሮ ዝገትና የደረቀ የብሎን ማጣበቂያ ተጋግሯል። ብሎኑ የቀዳዳውን መጨረሻ ይነካና ይቆማል፤ እጄ «ጠበቀ» ይላል። የጠበቀው ግን ከቀዳዳው ሥር ጋር ነው እንጂ ፍላንጁን አልያዘውም። ሁለት ሚሊሜትር ነው ያሾፈብኝ።

ቀዳዳዎቹን አጸዳሁ፣ ባለ 30 ሚሊሜትር ብሎን ገዛሁ። አስራ ሁለት ናቸው፣ በየጎኑ ስድስት። ሁሉም ተደምሮ የአንድ ወፍራም ጓርኒሲዮን ዋጋ አልሞላም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አለፈ፤ እዚህ ክረምት ስል በረዶውን ነው። ያው ጓርኒሲዮን ነው ያለው።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። በብርዱ፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ እሠራለሁ። የቴስታታውን ፊት በምላጭና በጨርቅ አጸዳለሁ፤ አሉሚኒየም ስለሆነ በሚሽከረከር የሽቦ ብሩሽ አልነካውም፣ ይቦረቡረዋል። ብሎን ሁሉ መጀመሪያ ያለ ፍላንጅ በጣት ይገባል፤ በጣት ካልገባ ጥርሱ ቆሽሿል፣ እዚያው ማጽዳት ነው። ከዚያ ፍላንጁን አንጠልጥዬ ሁሉንም ብሎኖች በጣት ብቻ አስይዛለሁ። አንዱን አጥብቆ ሌላውን መፈለግ የለም፤ እንዲያ ካደረጋችሁ የመጨረሻው ቀዳዳ አይገጥምም፣ በጉልበት ስታስገቡት ደግሞ ጥርሱ ይሄዳል።

ማጥበቅ ከመሀል ተጀምሮ ወደ ዳር ነው። ከዳር ከጀመራችሁ መሀሉ ይጎብጣል። ለኤልኤስ ዋን ፋብሪካው የሚያዘው በሁለት ዙር ነው፤ መጀመሪያ 15 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ 25። 25 ኒውተን ሜትር ምን ያህል እንደሆነ ታውቃላችሁ? በአጭር መፍቻ፣ በእጅ አንጓ የምታደርሱት ነው። ብዙ ልጅ ቧንቧ ቀጥሎ በሁለት እጁ ይጎትተዋል። አሉሚኒየም ውስጥ ያለ ጥርስ ያን አይችልም፤ ወይ ጥርሱ ይነቀላል፣ ወይ ብሎኑ ተለጥጦ ይዳከምና አንድ ቀን አንገቱ ይቆረጣል። የተቆረጠ ብሎን በትራፓኖ ማውጣት፣ በተለይ እዚያ ጨለማ ጥግ፣ ለጠላቴም አልመኝም። ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካ መፍቻ) የሌለው ተውሶ ይሥራ።

አንዴ አጥብቆ መተው ደግሞ አይሆንም። ሒሳቡን ላሳያችሁ። በዚህ ሞተር ከፊተኛው እስከ ኋለኛው ሲሊንደር መሀል ለመሀል 335 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የስቴንለስ ፍላንጁ ሙቀት በ300 ዲግሪ ቢጨምር በ1.7 ሚሊሜትር ይረዝማል። ቴስታታው ግን በውሃ ስለሚቀዘቅዝ 80 ዲግሪ ቢጨምር ነው፤ የሚረዝመው 0.6 ሚሊሜትር። ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ልዩነት! መኪናዋ በተነሳችና በጠፋች ቁጥር ፍላንጁ በጓርኒሲዮኑ ላይ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል ማለት ነው። ብሎን የሚላላው፣ ዳር ዳር ያለው ብሎን ቀድሞ የሚቆረጠው ከዚህ የተነሳ ነው። ስለዚህ የፍላንጁ ቀዳዳ ከብሎኑ ትንሽ ሰፋ ያለ መሆን አለበት፤ ከጠበበ ብረቱ የሚሄድበት ያጣል። አንዳንዶች ፍላንጁን በየቱቦዎቹ መካከል ቆርጠው ይለያዩታል፤ መጥፎ ሐሳብ አይደለም፣ እኔ ግን አላደረግኩትም። እኔ የማደርገው መጀመሪያ አሙቄ፣ አድሬ፣ በማግስቱ በብርዱ ደግሜ ማጥበቅ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ካደረጋችሁት በኋላ መፍቻው አልሄድ ሲል ታገኙታላችሁ። ያኔ ተዉት።

የኋላውንም አትርሱ። ረጅም ሄደር ከባድ ነው። ማርሚታው (የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው) በደንብ ካልተንጠለጠለ፣ ወይም የሞተሩ መሸከሚያ ጎማ ካለቀ፣ ነዳጅ በረገጣችሁ ቁጥር ሞተሩ ይዞራል፣ ማርሚታው አልዞርም ይላል፣ የሚጎተተው ፍላንጁ ነው። ጓርኒሲዮን እየቀያየረ ጎማውን ያላየ ስንት ሰው አውቃለሁ።

ሠርታችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ሳታስነሱ ፈትሹት። የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽኑን ወደ ውጭ እንዲነፋ አድርጋችሁ ቱቦውን ማርሚታው ጫፍ ላይ በጨርቅ ጠቅልሉት። ከዚያ የሳሙና ውሃ ፍላንጁ ዙሪያ እርጩ። አረፋ የነፋበት ቦታ እሱ ነው። እጅ አይቃጠል፣ ድምፅ የለ፣ ግምት የለ።

አንድ ነገር ደግሞ በቀልድ የማላልፈው አለ። የከሰል ጭስ ቤተሰብ ሙሉ እንደጨረሰ ሰምተን ያደግን ሰዎች ነን። ከዚህ ፍላንጅ ሥር የሚያመልጠውም ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ከደም ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ይጣበቃል። የብዙ መኪና የማሞቂያ አየር የሚገባው ከንፋስ መከላከያው መስታወት ሥር ነው፤ የእኔዋ ሰባተኛ ሲሊንደር ያለችው ደግሞ ልክ እዚያው ሥር። ያን ክረምት ልጆቼን ትምህርት ቤት ሳደርስ ራሴን ያመኝ ነበር። እንቅልፍ ማጣት ነው ብዬ አለፍኩት። ልጆቼ ከኋላ ወንበር ነበሩ።

አዲስ አበባ ላላችሁ የዲኤክስ (የድሮዋ ቶዮታ ኮሮላ) ልጆች አንድ ነገር ልጨምር፣ ዓምዳችሁን የሚያነቡት በብዛት እነሱ ይመስሉኛል። እንደ ድሮዎቹ የቶዮታ ኬ ሞተሮች አየር የሚያስገባውና ጭስ የሚያስወጣው ማኒፎልድ በአንድ ጎን በሆነበት ሞተር ላይ አንድ ብሎንና ሮንዴላ ሁለቱን በጋራ ሊይዝ ይችላል። ብየዳ ቤት ያሠራችሁት ሄደር ፍላንጁ ከሌላው ማኒፎልድ በግማሽ ሚሊሜትር ቢቀጥን ሮንዴላው ዘንበል ይላል፣ ወፍራሙን ይይዝና ቀጭኑን ይለቀዋል። ሁለቱን ውፍረት ለኩ፣ አስተካክሉ። ደግሞ እባካችሁ ከመንዳት ቀጥታ ላቫጆ ገብታችሁ የጋለ ሄደር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታስረጩ። ያን የመሰለ ብረት ማጎበጫ የለም።

አዘጋጁ፣ የዓምዱን ጸሐፊ ልቀየመው አይደለም። በሚቀጥለው እትም ግን ሲሊኮኑን ያንሣልን፤ በምትኩ ሽቦና ማስመሪያ ይዞ የቀዳዳውን ጥልቀት እንዴት እንደሚለካ በፎቶ ያሳይልን። ፎቶ ካስፈለገው የእኔን ባለ 35 ሚሊሜትር ብሎን እልክለታለሁ፤ መሣቢያዬ ውስጥ አስራ ሁለቱም አሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ